ሁለት ጣት

ሊዬዥ ላይ ዝናብ ነው። ሜዝ ወንዝ ደፍርሷል፤
የምርጫው ፖስተር ግንቡ ላይ ርሷል።
ጊስላን ፓኬ፣ የኔ ሰው፣ ከአገጩ ተልጦ
በግማሽ ፈገግታ መንገዱን ያያል አፍጥጦ።
የአንድ ሽማግሌ እጅ ጨብጧል፤
የሽማግሌው ፊት ከፎቶው ተቆርጧል።
ከግርጌው የኔ ጽሑፍ፦ «ቃሌን አልበላም»።
እውነት ነው፤ በዚህ እንኳ እሱ አይታማም።
የገዛ ቃሉን አንድ ቀን አልቀመሰ፤
የኔን እያላመጠ ነው እዚህ የደረሰ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ በዚህ ሙያ፤
ጀመርኩ በበራሪ ወረቀት፣ ስለ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ።
ቀጥሎ አንድ ከንቲባ፣ ምላሱ የሚያዝበት፣
«ፕ» የምትባል ፊደል የምትጠናበት።
ዘመቻውን ሙሉ ያለ «ፕ» ጻፍኩለት፤
ፓርቲውን «ቤታችን»፣ ፖሊሱን «ጠባቂ» አልኩለት።
አሸነፈ። ወንበሩ ላይ ወጣ።
ምስጋናው ግን እኔ ጋ አልመጣ፤
በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፣ አንድም ዕለት።
ስሜ ፕላሲድ ነው። ምን ላድርግለት?

ሺህ ሥራ አጥ ብትል አዳራሹ ያዛጋል፤
አንድ የተቀደደ ጓንት ብታሳየው
መሐረብ ይፈልጋል።
ይኸው ነው የተማርኩት፤ ሌላው ማገዶ ነው።

ፓኬ ጓንት አልነበረውም። የውል አዋዋይ ልጅ፤
ቀለም እንጂ ጠባሳ የማያውቅ እጅ።
«ታሪክ ፈልግልኝ» አለኝ፣ ሌሊት፣ በስልክ።
ደክሞኝ ነበር። መዘዝኩ፣ ከቤቴ ታሪክ፦

ሰሬን፣ የብረት ፋብሪካ፣ የስልሳ ሦስት ብርድ፤
መዳመጫው ሁለት ጣት ሲያስቀር፣ ሲነክስ እንደ ጅብ፤
አባት ጣቶቹን በዳቦ ጨርቅ ጠቅልሎ፣
ፈረቃውን ጨርሶ ቤቱ ገባ፣ ቀስ ብሎ።
ሚስቱ ስትጮህ፣ «ዝም በይ፣ ምን አለቀ?
የኛን ደሞዝ ለመቁጠር ስምንት ይበቃል» አለና ሳቀ።

«አንድ አባት» ብዬ ነበር የጻፍኩት።
እሁድ ገበያ፣ ወንዙ ዳር፣ ከዶሮ ጠባሹ ጎን ቆሜ ሰማሁት።
«አንድ»ን ዘለለ፤
«አባቴ» አለ።
አጠገቤ የቆመች አይብ ሻጭ አፏን በሻርፗ ያዘች፤
ለደንበኛዋ መልስ መስጠት ረሳች።

አልተቆጣሁም። እንዲያውም፣ ልናገር፣
በሚቀጥለው ከተማ በተነበበው ንግግር
«አባቴ» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ በእጄ።
ፊደሉ ማማሩ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

አባቴ አልሞተም። ሰሬን፣ የአረጋውያን ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፤
ቅዳሜ መንደሪን ይዤለት ስሄድ ቴሌቪዥኑ ፊት ሲስቅ፣
«ይሄ ልጅ የብረት ሠራተኛ ልጅ ነው!
አባቱን ግን ባስበው ባስበው
አልመጣልህ አለኝ። በዚያ ብርድ ጣት የከፈልኩ
እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር የኖርኩ።
የማታ ፈረቃ ይሆን እንዴ ሰውየው?
ድምፄን ለሱ ነው። አንድ ቀን አምጣው።»

አመጣሁት። ካሜራው ተከተለ።
አባቴ ሦስት ጣት ዘርግቶ፣
«አባትህ ማን ይባል ነበር?» አለ።
ፓኬ ፈገግታውን ሳያጥፍ ወደ እኔ ዞረ፤
እንደ ልማዱ ቃል ይጠብቅ ጀመረ።
ወረቀት አልነበረኝም። ከአፌ የወጣው፣
«ኦዲሎን።»

«ኦዲሎን?» አለ አባቴ። «እኔም እኮ ኦዲሎን...»

ከዚያ ዝም።
ዓይኑን ከፓኬ አንስቶ እኔ ላይ አኖረ፤
እጁን ግን አልነጠቀም፤ እንደተጨበጠ ቀረ።
ብልጭ አለ ካሜራው። ነርሷ አጨበጨበች።

ፎቶው ጥሩ ወጥቷል፤ አምስት ሺህ ታትሟል።
ዝናቡ አገጩን ጨርሶ
እጆቹ ጋ ደርሷል።