ያልተቆጠረው

ነሐሴ ነው፤ ማርቆስ ላይ ቆርቆሮው ያጓራል፣
ከግድግዳዬ ማዶ፣ ተከራይዋ ክፍል፣ አንድ ነገር ይሄዳል።
ይሄዳል ነው ያልሁት፤ አይዘፍንም ገና፣
እግር ብቻ አለው እንጂ ፊት የለውምና።
ቫዮሊኖች ይወርዳሉ፣ በደረጃ፣ በደረጃ፣
ከሥራቸው ወፍራሙ ክር፣ የማይደርስ የሌት እርምጃ።
«ዜማው መቼ ይመጣል?» ብዬ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ጣልሁ፣
የኖራው ቅዝቃዜ ጉንጬን እየበላኝ ቆየሁ።

አልመጣም።

ስርጉት ትባላለች፤ የሙዚቃ መምህርት፣
ዘንድሮ ተመድባ የመጣች ልጅ ናት።
ጠዋት በረንዳው ላይ ጫማዋን ስትወለውል ጠየቅኋት።

«ኦርጋን መቺ ነበር» አለች፣ «ከገጠር የመጣ፣
ጎልማሳ ሆኖ ነው ሲምፎኒውን ይዞ አደባባይ የወጣ።
የኦርኬስትራው መሪ ወረቀቱን ገልጦ፣
‹ዋናው ዜማ የታለ?› አለው፤ ሰውየው ቀረ ደንግጦ።
ይዞት ተመለሰ። አልቀደደው፣ አላቃጠለው፤
ሲያረጅ፣ ዕቃ ሲያነሣ አገኘውና ‹አይቆጠርም› ብሎ ጻፈበት፣
የባዶ ምልክት አደረገበት።
ከአንደኛው በኋላ ተወልዶ፣ ከአንደኛው ፊት የቆመ ነው።»

ብሩሿን አራግፋ ገባች። እኔ እዚያው ቆምሁ።

የታለ?

ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ዋሸራ ላይ ሰምቼዋለሁ፣
በዐሥራ ስድስት ዓመቴ። (ደበሎውን ልዝለለው፤ ሁሉም ደበሎውን ያወራል።)
ሌሊቱን ከጫካ ዳር ስቆጥር አድሬ፣
ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና በአፌ ቋጥሬ፣
የኔታ እንየው ፊት ቀረብሁ።
ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ጣታቸው ጉልበታቸውን አንዴ መታ።
«ሰሙ ደኅና ነው» አሉ። «ወርቁስ? ወርቁ የታለ?»
አንሙት ከኋላዬ ሳቀ።
ዛሬ አንሙት መሪጌታ ነው፤ ጢሙም ሸብቷል፤
እኔ ጆሮ ውስጥ ግን ያው ልጅ ይስቃል።

በነጋታው ኮሮጆዬን አንግቤ ወጣሁ።
ወርቅ ያጣ ሰው ምን ያደርጋል? ብርን ተሻገርሁ፤
ውሃው እስከ ጉልበቴ፣ ድፍርስ፣ በስሙ የማያፍር ወንዝ።

ከዚያ ማርቆስ፤ ገቢዎች ቢሮ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት።
ሱቁ የከሰረበት ይመጣል፣
«የዚህ ወር ሽያጭ?» እለዋለሁ፤ «ባዶ» ይላል፣
እኔም ክብ አደርጋለሁ፤ ማኅተሙ ይከተላል።

እሱስ ወረቀት ነበረው፣ ባዶውን የሚጽፍበት ቦታ፤
የእኔ ቅኔ አየር ላይ ተባለ፣ አየር ላይ ተፈታ።
ግእዙ ጠፍቶኛል፤ ሙያው፣ አገባቡ ጭምር፤
የቀረኝ የአማርኛ ጥላው ነው፦

    ነጋዴው በሌሊት ወንዙን ተሻገረ፣
    አሞሌ ጨው ብቻ ቀልጦ መንገድ ቀረ።

ይኸው ነው። ጨው፣ ወንዝ፣ ነጋዴ።
ትናንት ሌሊት ግን፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ተገልብጬ ተኛሁና
ቃሉን ለብቻው ደገምሁት፦ ቀልጦ ቀረ።
እናቴስ ለመንገደኛው ሁሉ ምን ስትል ኖረች?
«ልጄ ለትምህርት ብሎ ወጥቶ፣ ቀልጦ ቀረ።»

ነበረ፣ የኔታ። ወርቁ ነበረ። እኔ ነበርሁ።
ያኔ ግን ገና አልቀለጥሁም፤
ከየት አምጥቼ ላሳይዎት?

ዛሬ ማታ ዝናቡ ተመለሰ፤ ያ እርምጃም መጣ።
ፊት አልፈለግሁበትም። አብሬው ሄድሁ፣
ቁልቁለቱን ወርጄ፣ ቀስታ በተባለው ክፍል በኩል፣
አንድ ሰው ጸሎቱን ጨርሶ መነሣት ያቃተው በሚመስልበት፣
እስከ መጨረሻው።

ዝም ሲል ግድግዳውን በመዳፌ መታሁ።
«ይቅርታ ጋሼ፣ እቀንሰዋለሁ» አለች ስርጉት።

ለእኔ በጉባኤ አንድም ቀን ያልተባለልኝን፣
ለማላውቀው ሽማግሌ፣ በኖራ ግድግዳ በኩል፣
ድምፄ እየሻከረ አልሁለት፦

«የለም። ይደገም።»