አራዳ ስንት ክንድ ነው?

በቡሬ መናኸሪያ፣ ከሲንጀሬ ኋላ፣
ወገብ ስለካ ኖሬ፣ ሃምሳ ዓመት ሞላ።

ድሮ አራዳ ማለት፣ ቤልቦተም የለበሰ፣
በሱሪው የቡሬን፣ አቧራ ያፈሰ፤
ቀጥሎ ሱሪ ጠቦ፣ ቃሉ ሰፈር ቀየረ፤
ትናንት አራዳ ያልሁት፣ ፋራ ሆኖ አደረ።

ቢተው ግን ከሽንዲ፣ ቅዳሜ ሲመጣ፣
ያው አረንጓዴ ነው፣ ያው ነው የሱ ቁምጣ።
“ፋራ!” ብለው ሳቁ፣ ወያሎች ከበር፤
አልሰማም፤ ይቆጥራል፣ የሁለት በግ ብር።

ዘንድሮ አንድ ጺማም፣ ከባሕር ዳር መጣ፤
ስልኩን አሳየኝና፣ “ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ቁምጣ፤
አረንጓዴ ይሁን፣ ግን ትንሽ የፈዘዘ፤
ፋሽን አልከተልም፣ ፋሽን ነው የደነዘዘ።”
“አራዳ ነህ ልበል?”
“አይ ጋሼ፣ ተወው፤
አራዳ የሚባል፣ ዛሬ ፋራ ሰው ነው።”

ዝም ብዬ ቆረጥሁ፤ ሜትር አላነሳሁም፤
የቢተውን ልክ ነው፤ እጄ አይረሳውም።

በሳምንቱ ቢተው፣ “ረጅም ሱሪ ስፋልኝ፤
የልጄ ሠርግ ነው፣ ፋራ እንዳይሉብኝ።”

ሰምቶ ኖሯል ለካ!
ጨርቁንስ በክንዴ፤
ቃሉን በምን ልለካ?