ወደ ግራ

አሱምታ ናት፣ ባለሱቋ፣ ያመጣችብኝ ጣጣ፤
ዳቦ ልገዛ ገብቼ፣ ቢጫ ሰደርያ ለብሼ ስወጣ።
"እሑድ ብስክሌቶቹ ያልፋሉ፣ ለሕፃናቱ ሆስፒታል፤
ድልድዩ ጋ ሰው የለንም" አለች፣ "ቆመህ ማሳየት ይበቃል።"

ማሳየት ማለት፣ ወደ ግራ። በቃ፣ ይኸው ነው ሥራዬ፤
ክንድ ዘርግቶ መዋል፣ ከነስልሳ ስምንት ዓመት ዕድሜዬ።

ቦታውን ግን አውቀዋለሁ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ አድርሼበታለሁ፣
በብስክሌቴ ላይ ተጎንብሼ፣ የሊትሪም ዝናብ በአንገቴ ሲገባ፣
የየቤቱን ውሻ በስሙ እየጠራሁ ሳባባ።
ከድልድዩ ማዶ ያለችውን ጉድጓድ
ማዘጋጃ ቤቱ በየበጋው ይደፍናታል፣ በየክረምቱ ትነቃለች፣ አይ ጉድ!
ሁለት ጊዜ ጥላኛለች፣ አንዴም ጥርሴን ወስዳለች፤
ዛሬ ጎኗ ቆሜ ሳያት የታረቀችኝ መሰለች።

መጡ። መጀመሪያ ድምፁ፣ የሰንሰለት ጉርምርምታ፣
ከዚያ ቀለሙ፣ ከዚያ ትንፋሹ፣ ከዚያ የሳቅ ጫጫታ።
"ወደ ግራ! ጉድጓድ አለ! ወደ ግራ!"
አንዱ በቀኝ ሊያልፍ ሲል ጮኽኩበት፣ ላም የጠፋበት መስዬ ሳጓራ።

በየጀርባቸው ላይ፣ በአራት መርፌ ቁልፍ፣ አንዳንድ ወረቀት፤
በወረቀቱ ስም፤ ፔዳል የሚመቱለት ልጅ፣ ያለ ይሁን የሌለ ሳይገልጹት።
ፊት ለፊት ሲመጡ አይታይም፤ ስሙ የሚነበበው ሲያልፉ ነው፣
ከኋላ፣ እያነሰ፣ ሊጠፋ ሲል ነው።
ኦርላ። ታድግ። "ሁለቱ መንትዮች"። ፊንባር። ኢታ።
ዕድሜዬን ሙሉ ስም ሳነብ ኖሬ፣ በየበሩ ሳደርስ ሰላምታ፣
አሁን ስሙ ራሱ ሲጓዝ አየሁት፣ አድራሻ የሌለው ፖስታ።

ሻይ ያመጣልኝ ሐኪም "የአንተስ ልጅ የትኛው ነው?" ሲል ጠየቀኝ።
"የለኝም። አልወለድኩም። ዳቦ ልገዛ ነው የገባሁት።"
አላመነኝም፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ የምሩን ወረደ።
በዝርዝሬ ላይ ሁለት መቶ ስድሳ ሦስት ቁጥር፤
ሁሉም ተሰርዟል፣ መቶ አሥራ ሰባት ሲቀር።
ዴክላን ከለቃሚዋ መኪና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣
"አቋርጣ ይሆናል፤ ግባ! ማን ይቆማል በዚህ ዝናብ፣ የጠፋ ሰው ፈልጎ?"
ፖስተኛ ያላደረሰውን ይዞ ቤቱ አይገባም፤
ልማድ ነው እንጂ ይህ፣ ጀግንነት አይባልም።
"ቅደም" አልኩት።

ከዚያ መጣች። በእግሯ። ብስክሌቷን እንደ እልኸኛ ጥጃ እየጎተተች፤
የኋላው ጎማ ተንፍሶ። ነርስ ናት፤ ሌሊቱን ተረኛ ነበረች፣
"ሁለቴ መንገድ ሳትኩ፤ ግራ የቱ ነበር?" ብላ ሳቀች።

ዞር ስትል ጀርባዋን አየሁ።
ወረቀቱ ከልብሷ ተጣብቆ፣ ስሙ ከውስጡ ወጥቶ፣
አንድ ሰማያዊ ወንዝ ብቻ፣ ወደ ወገቧ ወርዶ ተኝቶ።

"ቁሚ" አልኩ። ዝርዝሬን ከላስቲኩ አውጥቼ፣ ገለበጥኩ ባዶውን ጎን፤
እርሳስ መዘዝኩ። እርሳስ በዝናብ አይፈስም፣ ይህን ከፖስተኛ በቀር ማን?
"ስሙ?"
"ላስሪና።"
ፊደል በፊደል ነገረችኝ፣ ወረቀቱን በጀርባዋ ላይ ዘርግቼ፣
ድምፅዋን በመዳፌ እየሰማሁ፣ እንዳይረጥብ በሰደርያዬ ከልዬ፣ አጎንብሼ።
ግማሹ አይነበብም፣ የአገራችን ስም እንዲህ ነው፤
ግን ይጻፋል። ድምፅ የሌለው ፊደልም ቦታው የራሱ ነው።

"አራት ዓመቷ ነው" አለች፣ "ነው"ን ረግጣ፣ አጠናክራ።
መርፌ ቁልፎቹን መልሼ ሰካሁ፣ ክንዴን ዘረጋሁ፤
አሁን ታውቀዋለች፣ ቢሆንም ሥራዬ ነው፣ ወደ ግራ።

ጉድጓዷን ዞራ፣ ቀስ ብላ አለፈች።
መቶ አሥራ ሰባትን ልሰርዝ ብል፣ እጄ ላይ እርሳስ ብቻ፤
ዝርዝሩን ይዛው ሄዳለች።