ዝርዝር

ግንቦት ነው ድሬ ላይ፣ ከዚራ፣ ዘጠኝ ሰዓት፤
ፍሪጄ ሞተብኝ፤ ወተቱ ረጋበት።
ዋቤሪ መጣልኝ፣ ከመጋላ፣ በባጃጅ፣
ጋዙ በትከሻው፣ መፍቻው በግራ እጅ።

«ውሃ ላምጣልህ?» ልል አፌን ስከፍት
ረመዳን መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ተውኩት።
ከንፈሩ ተሰንጥቋል፤ አንገቱ ግን ያበራል፣
ላቡ ከጆሮው ሥር እንደ ክር ይወርዳል።

ካላንደሩ አጠገብ ቴርሞሜትር አየሁ፤
ሠላሳ ሰባት ይላል። እኔም ሠላሳ ሰባት ነኝ።
ከገዛ ቤቴ ግድግዳ ጋር እኩል መሆን አስፈራኝ።
አምና ዘጠነኛ ሲ ክፍል በጠመኔ ጽፌ ነበር፦
«ሕይወት ማለት ልዩነት ነው፤ እኩል መሆን መቃብር።»

ሙቀት በራሱ ጊዜ ዳገት አይወጣም፤
ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይወርዳል፣ አይመለስም፤
ደቻቱን በጣሳ ቀድቶ ለደንገጎ የሚመልስ የለም።
ታዲያ እኛ ሁለታችን በዚህ ሐሩር ላይ
የውስጣችንን እሳት ወዴት እንጣለው?
በላብ። ጠብታዋ ስትተን
ትንሽ ትኩሳት አዝላ ትወጣለች ከቆዳው።
እሱ ግን ከሱሁር ወዲህ አንድ ጉንጭ አልቀመሰም፤
ያለችውን ውሃ ለኔ ፍሪጅ ሲከፍላት አላማረረም።

ሞተሩ አጉረመረመ።
«ነይ፣ እቺን ንኪ» አለኝ፣ ጀርባውን አዙሮ።
የሽቦው ወንፊት ፈጀኝ።
«ብርድ አንሠራም እኛ፤ ሙቀት ነው የምናሸክመው፤
የተሸካሚውን ሂሳብ መብራት ኃይል ነው የሚልከው።»
ሳቅሁ። ይህን ለማስረዳት እኔ
ሁለት ሳምንት ይፈጅብኛል፣ ከነሥዕሉ፣ ከነፈተናው።

ብሎን ሲያጠብቅ ክንዱን አየሁት።
የሌሊቱ ስኳር ከጉበቱ እያለቀ ነው፤ ጮማው ተራ ይዟል፤
በየሕዋሱ፣ ከስሱ ግድብ ጀርባ፣
ፕሮቶን ይጋፋል፣ ጣቢያው በር ላይ እንዳለ ሰልፈኛ፣
መዘውሯን እያዞረ በአንዲት ቀዳዳ ሊገባ።
በዞረች ቁጥር ኤቲፒ ትወልዳለች፤
ጡንቻው ይቀበላታል፤ ብሎኗ አንድ ጥርስ ትጠብቃለች።

«ስልሳ ብር» አለኝ። ያለኝ ድፍን መቶ።
ሙኒራን ወደ ሱቅ ላክናት፤ ባዶ እጇን ተመለሰች፤
ሠፈሩ በሙሉ ዝርዝር የለውም አለች።
ሥጋም እንዲሁ ነው፣ ድፍን መቶ አይቀበልም፤
ስኳሩን ሳይመነዝር ጣቱን እንኳ አያንቀሳቅስም፤
ሲመነዝርም፣ ከመቶው ስልሳ ያህሉ
ሙቀት ሆኖ ይበተናል፤ ማንም አይሰበስበውም።
በአርባው ነው እንግዲህ
ልብ የሚመታው፣ መፍቻ የሚዞረው፣
ዋቤሪ በዚህ ፀሐይ ደረጃዬን የወጣው።

አዛን ሆነ። ደፉ ላይ ተቀመጠ።
ተምር ሰጠሁት፣ አንዲት፣ ከአፋር የመጣች፣
ያምና ፀሐይ ገብቶባት የተሸበሸበች።
ቢስሚላህ አለና አኘካት፤ ቀስ ብሎ ጠጣ።
ቀለሙ ሲመለስ አየሁት፣ ወይም መሰለኝ።
«ሂሳቡ ሌላ ቀን» ብሎ ጥሎኝ ወጣ።

አሁን ሌሊት ነው። ወተቱ ቀዝቅዟል፤
የፍሪጁ ጀርባ ወደ ክፍሉ ይተነፍሳል፣
ክፍሉ ወደ መስኮት፣ መስኮቱ ወደ ሐዲዱ፣
ሐዲዱ ወደ ሰማይ፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም።
መቶዋ ብር ፍሪጁ ላይ ናት፣ ድፍን እንደሆነች፤
ነካኋት።
ለብ ብላለች።