ነገም ልጠይቃት

ኪዮጃ ነው፤ ከዓሣ ገበያው ቦይ ጀርባ፣
ሰባራ መረብ ባጠረው ግቢ፣ ሸራ ተከናንባ
አገኘኋት። ፊቷ ሞተር ብስክሌት፣ ከወገቧ በታች ጋሪ፣
በሦስት ጎማ የቆመች፣ የሟቹ አርሚዶ ዓሣ አዟሪ።
አንዱ ጎማዋ ተንፍሶ፣ ወደ ግራ አዘንብላ፣
ሐሜት እንደሚሰማ ሰው፣ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ጥላ።
ሁለት ዶሮዎች መቀመጫዋ ላይ ጎጆ ወጥተዋል።

"ስንት?" አልኳት መበለቲቱን።
"ሰባት መቶ" አለች ዘሊንዳ፣ ሳትነሣ ከወንበሯ፣
የባቄላ እሸት ትፈለፍላለች፤ ሳህኑ ላይ ነው ነገሯ።
"ወለሏን ጨው በልቶታል፤ ወንፊት ሆኗል" አልኩ።
"እኔንስ መች ማረኝ? ይኸው አለሁ።"
ቃል ሲያጥረኝ በጣት ተከራከርን፤
በአምስት መቶ ሃያ ተጨራረስን።
ሃያዋ ለዶሮዎቹ ናት፤
ቤት ላፈረሰ፣ ካሣ ግድ ነው አለችኝ።

ሌሊት ሌሊት ገበያው ውስጥ በረዶ እሸከማለሁ፤
እሑድ እሑድ ከሷ ሥር በጀርባዬ እተኛለሁ።
ዝገቱ ዐይኔ ውስጥ ይዘንባል፣ እንደ በርበሬ ደቆ።
አንዷ ብሎን ሦስት እሑድ ፈጀችብኝ።

በሦስተኛው እሑድ፣ ከሥር ሆኜ እጄን ዘርግቼ፣
ለራሴ፣ በአማርኛ፣
"ካቻቢቴ" አልኩ።
ካቻቢቴ እጄ ላይ አረፈ።
"ፒንሳ" አልኩ። ፒንሳ መጣ።
ካንዴላ። ኩሽኔታ። ማርሚታ። ባሌስትራ።
አንድ በአንድ መጣልኝ፣ ከሟች ሣጥን እየወጣ።

"ጣልያንኛ ማን አስተማረህ?"
ጣልያንኛ?
ለካ ኮምቦልቻ፣ ጋሽ አብተው ጋራዥ፣ በኩርኩም የለመድኩት፣
የናቴ ቋንቋ ነው ብዬ ሃያ ዓመት የማልኩበት፣
የሷ ኖሯል። በተውሶ መጥቶ፣
ሳንመልሰው ቤተኛ ሆኖ ቀርቶ።
ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላምታዬ ምላሴ ላይ ሲሰናከል፣
የብሎኑን ሁሉ ስም ከነአባቱ አውቀው ነበር።

ከመቀመጫው ሥር ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ውስጥ ደብተር፤
ዘይት የጠጣ ወረቀት፣ የዱቤ ዝርዝር።
*ነሪና፣ ሁለት ኪሎ። ከፍላለች።*
*ቄሱ፣ ግማሽ። እንደ ሁልጊዜው።*
*ባለ ቀይ ሻርፗ ዘሊንዳ፣ ሦስት ኪሎ ሰርዲን።*
*አልከፈለችም። ነገም ልጠይቃት።*
ገለጥኩ። *ነገም ልጠይቃት።*
ሰባት ገጽ ገለጥኩ።

አነበበች። ባቄላው ከጭኗ ተንከባለለ፣ አላየችውም።
"ሆን ብዬ ነበር" አለች፣
"ብከፍለው ኖሮ፣ በማግስቱ በምን ሰበብ ይመጣ ነበር?"
ወደ ጓዳ ገባች፤ ያን ቀን ካቻቢቴውን ራሴ ፈለግኩ።

ክረምቱ በላሜራና በብየዳ አለቀ።
የጥንቱ አረንጓዴ ቀለም ጠፋ፤ የጀልባ ቀለም ቀባኋት፣
ተጠግቶ ላየው ሰው ያሳብቃል።
ሚያዝያ ላይ፣ አሥራ አንደኛው ርግጫ፤
ሳለች፣ ጥቁር አክታ ተፋች፣ ቁርጭምጭሚቴን መታችኝ፣
ከዚያ ዱብ ዱብ፣ ዱብ ዱብ፣ እንደ ሙቀጫ።

ዘሊንዳን ከነወንበሯ ዓሣው ሳንቃ ላይ ጫንኳት፤
ፍሪሲዮኑን ለቀቅ፣ ቦዩን ታክኬ ነዳኋት።
ድልድዩ ጥግ ስንደርስ መስኮቶች ተከፋፈቱ።
አንዲት አሮጊት፣ የግራ ነጠላ ጫማዋን በቀኝ ተጫምታ፣
ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ከደጇ ወጣች።
ሌላዋም ተከተለች። ሦስተኛዋም።
ሠላሳ ሁለት ዓመት ዝም ያለ ድምፅ
በእግራቸው አስነሥቷቸው እንጂ፣ ያሰቡበት አይመስሉም።
ከበቡን። ሳህኑን ወደ ሳንቃው ዘረጉ።

ዘሊንዳ ባዶ እጇን አየች። እኔን አየች።
"ነገ" አለች።
"በዱቤ?" አለች ባለ ሳህኗ።
ሞተሩን አላጠፋሁም።