ቀጣይ ሰርቪስ

ሻርጃ፣ ሰናኢያ፣ በነሐሴ ቀትር፣
ብሎን በእጅ ሲነካ እንደ ፍም ጠጠር፤
«መኪና በስንት ጊዜው ነው የሚታይ?»
ይላል የመጣው ሁሉ ገና ደጄ ላይ።
እኔም እመልሳለሁ እንደ ፊደል ገበታ
በቃሌ የያዝኩትን፣ ጧትም ሆነ ማታ፦

ዘይቱ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ፤
መጽሐፉ አሥር ይላል፣ ጸሐፊው መች አየ አሸዋ ሞተር ሲበላ!
ባትሪው ሁለት በጋ። ከዚያ ወዲያ ተስፋ ነው፤
ተስፋ ደግሞ ሞተር አያስነሳም፣ ሞክሬ ያየሁት ነው።
ምርመራ በዓመት አንዴ፤ ሙልኪያ ይሉታል
እኛ ቦሎ ያልነውን፤ ስሙ ይለይ እንጂ ጭንቁ አንድ ይሆናል።
ፍሬን ይረግጣሉ፣ ጭስ ይለካሉ፣
ጎማው ካረጀ ግን፣ አዲስ ቢመስልም፣ «መልሰው» ይላሉ።

አንዲት ነጭ ፓትሮል ገባች። ማዳም ስልኳን ይዛ
ወደ ቢሮው አለፈች፣ ኤሲ ካለበት ታዛ።
ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ወረደች፣ ሕፃን ያቀፈች፤
ከየት ነሽ? ብላት፣ «ከወረባቦ፤ ሰዓዳ እባላለሁ» አለች።

ሥራ ላይ ወሬ እወዳለሁ፣ ልማዴ ነው የእኔ፤
ጎማውን እየፈታሁ «ነይ እዪ» አልኳት «ወገኔ፣
ይህ አራት ቁጥር ይታይሻል፣ እዚህ ጉንጩ ላይ?
ልደቱ ነው። ሁለቱ ሳምንቱ፣ ሁለቱ ዓመቱ፣ ከዚህ ወዲያ ምስክር አይታይ።
አምስት ዓመት ካለፈው፣ ጥርሱ ቢያምር እንኳ፣
በዚህ ሙቀት ይፈነዳል፤ አያሳልፉትም በቃ።»

ጎንበስ ብላ አየችው፤ ጣቷን አስኬደችበት
እንደ ዕውር ንባብ፣ ቀስ ብላ፣ እስኪጠቁርባት።
«ለጎማ እንኳ» አለች «ሳምንቱ ሳይቀር ተጽፎለት!
እኔ ፓስፖርቴ ላይ ሃያ ስድስት ነኝ፤ ደላላው ጨመረበት
ሰባት ዓመት፣ በአንድ ከሰዓት።
ጎማ ሲያረጅ ይወድቃል፤ እኔ በማርጀቴ ነው ያለፍኩት።»
ሳቀች።
እኔ መፍቻውን እንደያዝኩት።

«እዚህ ከመጣሽ ወዲህ ሐኪም አይቶሻል?»
«ለኢቃማው ደም ወስደው፣ ደረቴን አንስተው፣ ‹ደህና ነሽ› ብለውኛል።»
«ከዚያ ወዲህስ?»
ሕፃኑን ወደ ሌላው ትከሻ አዞረችው፤
ወገቧን በመዳፏ ደገፈችው።
«ስንት ኪሎ ሜትር ሄድሽ ታዲያ?» አልኳት ለቀልድ።
«ከኩሽና እስከ ሳሎን ሠላሳ እርምጃ ነው። የቀኑን አንተው ደምርና ውሰድ።»

ዘይቱ እንደ ውሃ ቀጥኖ፣ ጠቁሮ ወጣ።
«ኸላስ?» የሚል ድምፅ ከቢሮው መጣ።
መስታወቱ ጥግ የሚለጠፈው ላይ ጻፍኩ፦ ቀጣይ፣ መቶ አሥራ ሁለት ሺህ።
«አንድ ባዶ ስጠኝ» አለች። «ምን ያደርግልሻል?» «ዝም ብለህ።»

በአራተኛው ወር ፓትሮሏ ቀጠሮዋን አክብራ መጣች፤
ሹፌር ብቻ ነበር። ልጅቷስ? ልለው ፈልጌ ቃሏ አፌ ላይ ቀረች።
«ጎማዎቹን እይ» አለኝ። አየሁ፣ በየተራ።
የኋላውን በር ስከፍት፣ ከመስታወቱ በታች፣ ከመቀመጫው ጋራ
ሕፃን ብቻ በሚያየው ቦታ፣ ያ ወረቀት ተለጥፏል፤
ኪሎ ሜትሩ ባዶ ነው፤ «ቀጣይ» ከሚለው ጎን በእስክሪብቶ ተጽፏል፦
ሰዓዳ። አሥራ ዘጠኝ።

ሹፌሩ ጨርቅ አቀበለኝ፣ «አጽዳው» ብሎ አዘዘኝ።
ሌላውን መስታወት ወለወልኩ።
ያንን ሳልነካ በሩን ዘጋሁት፤ ዘይቱን ቀየርኩ።