ጥላውን አጠፋሁ

ደሴ፣ ፒያሳ ላይ፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣
እንድሪስ ይፈታል ስምንት ደቃቅ ብሎን።
እፍ ቢልበት ወጣ የሰባት ዓመት ትቢያ፣
ግማሹ የኮምቦልቻ፣ ግማሹ የሐይቅ ገበያ።

«ሲነሳ ስንት ይፈጃል?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።
«ከፍቼው ወርጄ ፉል በልቼ ስመለስ፣
ያቺ ክብ ገና ትዞራለች።
የሰው ቤት ስስልበትማ
ደረጃው መጥቶ ጣሪያው ይዘገያል፣
ሳዞረው መስኮቱ ከግድግዳው ይቀራል።»

ሳቀ። አሮጌውን ዲስክ ነቅሎ ኤስኤስዲ ተከለ፣
ከአራቱ ጊጋ ራም ጎን ስምንት ቀጠለ።
«እንግዲህ ይሮጥልሃል። ግራፊክሱን ግን አልነካውም፤
ከቦርዱ ጋር ተበይዷል፣ እንደ ዓይን ነው፣ አይለወጥም።»

ማታ ማብሪያውን ተጫንኩ፤
ወንበሬን ሳልስብ ተነስቶ ጠበቀኝ።
የእትዬ ዘይነባን ቤት ከፈትኩ፣
ጦሳ ሥር የሚሠራውን።
ሣሩን አጠፋሁ፣
የመስታወቱን ነጸብራቅ አጠፋሁ፣
በመጨረሻ ጥላውን።
ራቁቱን የቀረው ቤት
ሳዞረው ዞረ፣
ጣሪያውም ከደረጃው እኩል ደረሰ።

ነገ ሳሳያት «ጥላው የት አለ?» አትለኝም፤
ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግቢዋ ላይ የሚያርፈውን
ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤
ጦሳ ነው የሚጥለው።